ማንኪያው ያልተጋደመበት ብርጭቆ

ኔጃቲ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ላለማየት ፊቱን አዙሮ ተቀምጧል። ስምንት ሰዓት ተኩል ማለፉን ግን ሆዱ ያውቃል። ሚስቱ ፊክሪዬ ሲቫስ ከተማ ሆስፒታል ተኝታለች፤ አሥር ሰዓት ላይ ለልብ ቀዶ ጥገና ትገባለች። ጠዋት ሲለያት፣ "ሳላይህ እንዳያስገቡኝ" ብላዋለች። ከዚህ መንደር እስከ ሲቫስ ደግሞ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።

በመኪናው ይዟት የመጣት እንግዳ ግሬተ የምንጣፍ ሥራ የምታጠና ጀርመናዊት ናት። ሥራዋን ከጨረሰች ቆይታለች። ነገር ግን የቤቱ ባለቤት የሐጂ ሩስተም ምራት ብርጭቆዋን ስትሞላላት ትጠጣለች፤ ስትጨርስ ደግሞ ይሞላላታል። አሁን ሰባተኛው ላይ ናት።

ጥፋቱ የራሱ ነው። መንገድ ላይ ሲመክራት፣ ጫማሽን ደጅ አውልቂ፣ ውስጥ እግርሽን ለሰው አታሳዪ፣ የቀረበልሽን አትመልሺ ብሏታል። የበቃው ሰው ማንኪያውን በብርጭቆው አፍ ላይ እንደሚያጋድም ግን አልነገራትም። ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም፤ እሱ ራሱ መቼ እንደተማረው አያስታውስም። የራሱን ማንኪያ ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ አጋድሟል። እሷ አላየችውም።

በጀርመንኛ ሹክ እንዳይላት፣ ሐጂ ሩስተም ሃያ ሁለት ዓመት ጀርመን አገር ብረት ሲያቀልጡ የኖሩ ሰው ናቸው። በጀርመንኛ የሚያናግራቸው አጥተው ከርመው ዛሬ ገና አፋቸው ተፈቷል።

"ጠጪ እንጂ ልጄ" አሏት፤ ወደ ኔጃቲም ዞረው፣ "እንዲህ ሻይ የሚወድ ፈረንጅ አይቼ አላውቅም። አንተስ ምነው በሦስት ተሸነፍክ? ሹፌር አይደለህ እንዴ?"

"በቃኝ ሐጂ አባ። የምራትዎ እጅ ይባረክ።"

"ይባረካል፣ ግን ሥራ ፈቷል።"

ምራትየዋ ሳቀች። ኔጃቲም አብሮ ሳቀ። ጭንቀቱን እንዳይናገር በሰው የደስታ ቤት የራስን ሐዘን ማፍሰስ ነውር ነው። እንግዳዋ ሳትነሳ እሱ ቢነሳ ደግሞ እሷን ማባረር ይሆናል። በሁለት ጨዋ ሰዎች መካከል ታሰረ፤ አንዷ እንዳታስቀይም ትጠጣለች፣ ሌላው ንፉግ እንዳይባሉ ያስቀዳሉ።

አዛን ተሰማ። "ና፣ አብረን እንስገድ" አሉት ሽማግሌው፣ ወደ ጓዳው እየመሩት። ከኋላቸው ሆኖ ሰገደ። በመጨረሻው ሱጁድ ግንባሩን ከምንጣፉ ማንሳት አቃተው።

"ረጅም ለመንክ" አሉት ሲጨርሱ። "ምን ጎደለህ?"

መስገጃው ላይ እንደተቀመጠ መዋሸት አልቻለም። "ባለቤቴ ዛሬ ልቧን ትቀደዳለች። አሥር ሰዓት ላይ፤ ሲቫስ።"

"ስትገባ ምነው ሳትናገር?"

"ጨዋታዎን ማቋረጥ ከበደኝ።"

"የእኔ ጨዋታ ስንት ዓመት ተቀምጦ የለም? አንድ ቀን ቢጨመርበት ይበላሻል?" ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና ምራታቸውን ተጣሩ። "ልጄ፣ ሻዩን ተይው። ጫማቸውን ወደ መንገዱ አዙሪላቸው።"

ዘጠኝ ተኩል ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው መኪናዋ ተነሳች። ግሬተ ነገሩን ስትሰማ ፊቷ ቀላ። "ለምን አልነገርከኝም?" አለችው። እሱ ፍጥነቱን ጨመረ።

የፊክሪዬን እህት ኑራይን የሆስፒታሉ ኮሪደር ጫፍ ላይ ቆማ አገኛት።

"አሁን አስገቧት። አሥር ደቂቃ ብላ ለመነቻቸው፣ ጠበቁላት። ከዚያ፣ 'ሻይ ይዞት ነው፤ እሱ እንደሆነ በቃኝ ብሎ መነሳት አያውቅም' ብላ ሳቀች።"

"ሳቀች?"

"ሳቀች። ግን አልጋውን ሲገፉት ወደዚህ ወደ ደረጃው ነበር የምታየው።"

ኔጃቲ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ፊት ቆመ። በሩ ከዚህ በኩል እጀታ የለውም። ግሬተ ከኋላው ቦርሳዋን እንዳቀፈች አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እሱ ሳይዞር፣ በቃሉ የሚያውቀውን የቁርኣን ሱራ በለሆሳስ ከመጀመሪያው ጀመረ።