ትርፍ ዘጠኝ ካሬ

የጫካው እሳት ሰፈራችንን ጠራርጎ ከበላ በኋላ አንድ ሕግ ወጣ። ቤቱን መዝገብ ላይ በሰፈረው ልክ መልሶ የሚሠራ ሰው ፈቃዱን ወዲያው ያገኛል። አንዲት ካሬ የጨመረ ግን አዲስ ግንባታ ጀመረ ይባላል፤ አዲስ ግንባታ ደግሞ ከጫካው ሠላሳ ሜትር መራቅ አለበት። የእኛ ቦታ ከዳር እስከ ዳር ቢለካ ሃያ ሁለት ሜትር ነው። ስለዚህ ለእኛ ጨመርን ማለት ቤት አጣን ማለት ነበር።

ለትንንሽ ቤት በእጅ የተሣለ ፕላን ይበቃል ሲባል ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ልብስ ሰፊ ነኝ። "ለስንቱ ቦርጫም ሱሪ ያወጣሁ ሴት አራት ግድግዳ ያቅተኛል?" ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ባለቤቴ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ከአንዱ ቃል እስከ ሌላው አንድ ፌርማታ ያህል ስለሚቆይ ሊቃወመኝ አልደረሰም። የተናገሩት አማቴ ናቸው።

"ሱሪ ቢበላሽ ይተረተራል" አሉኝ። "ይሄ ቢበላሽስ?"

አማቴ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። እሳትና ጭድ ነበርን ልል ነበር፤ ግን ዘንድሮ እንዲህ ያለ ንግግር አያምርብንም። እውነቱን ለመናገር የጠባችን ሥር እሳቸው የሚተኙበት የኋላው ክፍል ነበር። ከኩሽናዬ የሚለየው ስስ ግድግዳ ስለሆነ እዚያ ሆነው የድስቴን ክዳን ድምፅ ሳይቀር ይሰሙ ነበር። "ዛሬም ጨው ደገምሽ" የሚል ድምፅ ከግድግዳው ውስጥ ሲወጣ ይታያችሁ። ሙሽራ ሆኜ ከገባሁ ጀምሮ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እኔን ለመሰለል ብለው የመረጡት ክፍል ነው ብዬ አምኜ ኖርኩ።

ያረፍነው አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ከአንዱ ክፍል ወንበሮቹን አውጥተው፣ አልጋ አስገብተው፣ መሐሉን በመጋረጃ ከፍለው ሰጡን። ጥቁሩ ሰሌዳ ግን እንዳለ ስለነበር ፕላኑን መጀመሪያ እዚያ ላይ በጠመኔ ሣልኩት፤ ከዚያ ወደ ወረቀት ገለበጥኩና ወደ ቢሮው ይዤው ሄድኩ።

ሦስተኛው መስኮት ላይ የሚቀመጠውን ጸሐፊ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ "አቶ ጎደለ" ይለዋል፤ ወረቀት በሰጡት ቁጥር "አንድ ነገር ጎድሏል" ስለሚል ነው። ፕላኔን በማስመሪያ ለካ፤ ደግሞ ለካ።

"ምን ጎደለ?" አልኩት ቀደም ብዬ።

"የርስዎስ ተርፏል። መዝገቡ ሃምሳ አራት ካሬ ይላል፤ የርስዎ ስልሳ አምስት ነው። እነዚህ በየግድግዳው ዳር ያሉት ነጠብጣቦች ምንድን ናቸው?"

አየኋቸው። ለካ እጄ እንደለመደው በቤቱ ዙሪያ የስፌት ትርፍ ትቼ ኖሯል። ሥራዬን ስነግረው ሳቀ፤ ከዚያ በፊት ሲስቅ ያየው ሰው ስለሌለ ወረፋው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

"እመቤት፣ ቤት ሲታጠብ አያጥርም እኮ" አለኝ።

አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ አስተካከልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። መልሼ ስሰጠው ግን ሳቁ ጠፋ። "አሁንም ስልሳ ሦስት ነው። ዘጠኝ ካሬ ትርፍ አለው።"

ገባ ብሎ የእኛን ፋይል አመጣ። ውስጡ የቤታችን ሥዕል አለ፤ የኋላው ክፍል ግን የለም። መዝገቡ የተሞላው እኔ ሙሽራ ሆኜ ከመግባቴ ከአንድ ዓመት በፊት ነው።

"ይቺ ክፍል ከዚያ በኋላ ያለ ፈቃድ የተሠራች ናት" አለ። "ተቃጥላለችና አንጠይቃችሁም። ግን ያውጧትና ነገ ይዘው ይምጡ፤ ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። እኔ የማየው የውጩን ልክ ነው፤ ውስጡን እንዴት እንደምትከፋፍሉት የእናንተ ጉዳይ ነው።"

ባለቤቴ ከሥራ እንደገባ ያዝኩት። "የኋላውን ክፍል ማን ነው የሠራው?"

"አባዬ።" አባቱ ግንበኛ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ጫማውን ፈታ። "አንቺ ልትመጪ ስትይ ነው የሠራው።"

"ከዚያ በፊት የት ነበር የሚተኙት?"

"ትልቁ ክፍል ውስጥ። እኛ የነበርንበት የእነሱ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ።"

ከመጋረጃው ማዶ የአማቴ ድምፅ መጣ፤ ጆሯቸው እንደሆነ አልተቃጠለም። "ያቺን ክፍል አውጫት። እኔ ሳሎን እተኛለሁ፤ ለስንት ቀን ብዬ ነው?"

ትናንት ቢሆን ኖሮ ተገላገልኩ እል ነበር። ዛሬ ግን ሰሌዳውን አጠፋሁና ሃምሳ አራቷን ካሬ እንደ አጭር ጨርቅ ፊቴ ዘረጋኋት። ከዚህም ከዚያም ቀነስኩ። ስጨርስ ትልቁ ክፍል እንዳለ ቆሟል፤ ከሳሎኑ ደግሞ አንድ ቀጭን ክፍል ወጥቷል።

አማቴ መነጽራቸውን አድርገው መጡ። "ትልቋ የማን ናት?"

"የእርስዎ።"

"የእናንተስ? ይቺ? ይቺማ ቁም ሣጥን ናት!"

"አልጋ ይገባባታል፤ ለክቻለሁ።"

ግድግዳዬን በመዳፋቸው አጠፉት፤ መልሼ አሠመርኩት። ጠመኔውን ነጥቀው የእኛን አሰፉት፤ ነጥቄ አጠበብኩት። ሃያ ሦስት ዓመት ስንነታረክ እንዲህ ያለ ጠብ ኖሮን አያውቅም። ባለቤቴ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ሲያይ ቆየና "እማዬ፣ ተዪያት፤ ወረቀቱ ነገ ነው የሚገባው" አለ። ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። እሳቸውም ጉልበታቸው ስለዛለ ተቀመጡ።

በማግስቱ አቶ ጎደለ ለክቶ ማኅተሙን መታበት። ስመለስ ፈቃዱን የአማቴ ጉልበት ላይ አስቀመጥኩ።

"እማማ፣ ክፍላችሁን ለእኛ ብላችሁ እንደለቀቃችሁ አላወቅኩም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።"

ማኅተሙን በጣታቸው እየዳበሱ "እንዳይነገርሽ ያልነው እኛ ነን" አሉኝ። "ብታውቂ አልቀበልም ብለሽ ትመልሺልን ነበራ።"

አልመልስም ነበር። የሃያ ዓመት ሙሽራ ነበርኩ፤ ትልቅ ክፍል አግኝቼ የምመልስ ሰው አልነበርኩም። እሳቸው ግን ያን ሁሉ ዓመት፣ ያን ያህል እየተነታረክን፣ ይቺ ልጅ ብታውቅ ትመልሳለች ብለው ኖረዋል። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና አቃተኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ።