ያጎነበሰ ሁሉ ድንጋይ አያነሳም

ሄርሜላ ውሻውን ያገኘችው ታይዋን ከሚባለው የከተማው ገበያ ጀርባ፣ ከሥጋ ቤቶቹ አጠገብ ነው። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ አንድ ሰው አስሮ የረሳው ሽቦ አንገቱን በልቶ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። የእንስሳት ሐኪሙ ሱጉሌ ሽቦውን በጉጠት ቆርጦ አወጣለት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ወጋው።

"የኔ ሥራ ግመል ነው፣ ቲቸር" አላት እጁን እየታጠበ። "ውሻ ሳክም ካዩኝ ሚስት የሚሰጠኝ የለም።"

"እኔ አላየሁም።"

"በይ፣ ቁስሉ እስኪሽር አንገቱን በገመድ እንዳትነኪው። እንደገና ይከፈታል።"

ቁስል ማጠብ ታውቅበታለች። ከታማሚ አልጋ አጠገብ ነው የተማረችው።

አከራይዋ ባቱሎ ጠና ያለች ሴት ናት። ሄርሜላ እንደ ሰፈሩ ሰው በሶማልኛ አክስቴ ለማለት "ኤዶ" እያለች ታከብራታለች። ባቱሎ ውሻውን ከሩቅ ሆና መረመረችው።

"ከጣሪያ በታች አይገባም። ዕቃዬን አይነካም። ለዋርድያነት ከሆነ ግቢ ውስጥ ይቀመጥ፤ ይፈቀዳል። ጥቁር ቢሆን ግን ሰይጣን ነው ብዬ አላስገባውም ነበር።"

ቡላ ነበርና ገባ። ስሙም ዋርድያ ሆኖ ቀረ።

ሄርሜላ ለእሱ የግመል ሥጋ ቅንጥብጣቢ በፌስታል ታመጣለች። ከሰጠችው በኋላ እጇን በሳሙና ስትፈትግ ባቱሎ አይታ ሳቀች።

"አንቺ ግመሌን አትበዪም፣ እኔ ውሻሽን አልነካም። ተካክለናል።"

ዋርድያ ሥጋ እየያዘ መጣ፤ ጸጉሩም በቀለ። አንድ ነገር ግን አልለቀቀውም። ባቱሎ የምትሰግደው በረንዳው ላይ ነው። ወገቧን ጎንበስ ያደረገች እንደሆነ ዝቅተኛውን ግንብ ዘሎ ይጠፋል። ድንጋይ እየተወረወረበት ያደገ ውሻ ያጎነበሰ ሰው ለምን እንዳጎነበሰ ቆሞ አይጠይቅም። ሲርበው ይመለስ ስለነበር ሄርሜላ ብዙም አላሳሰባትም። በኋላ ግን ድምፅ ማጉያ የጫነች ባጃጅ በሶማልኛና በአማርኛ እየለፈፈች በሰፈሩ አለፈች፤ ከመጪው ሐሙስ የምሽት ሶላት፣ ከመግሪብ ጀምሮ ለባዘኑ ውሾች መርዝ ይጣላል፣ ውሻ ያለው ከግቢው አያስወጣ።

"ኤዶ፣ አንገቱ ገና ስላልሻረ ላስረው አልችልም፤ ሲያጎነብሱ እንዳይሸሽ ላስተምረው ነው። ይርዱኝ።"

"ሶላቴ የውሻ ትምህርት ቤት አይደለም።"

"ሶላቱን አልነካም። ግቢ ሲጠርጉ ብቻ። ጎንበስ ባሉ ቁጥር አንድ ቁራጭ ሥጋ መሬት ላይ ትተው ይለፉ። እጅዎ ውሻውን አይነካውም።"

ባቱሎ መጥረጊያዋን አገላብጣ አየች። "ግመሉንማ እኔ እበላዋለሁ፣ ብነካው ምን ቸገረኝ" አለችና ፌስታሉን ተቀበለች።

በመጀመሪያ ዋርድያ ግንቡ ላይ ወጥቶ ነበር የሚያያት። ቀጥሎ ግንቡ ሥር ቆመ። ረቡዕ ጠዋት ባቱሎ ካጎነበሰችበት ሳትቃና መጥረጊያው አጠገብ ያለውን ቁራጭ አንስቶ በላ። ሄርሜላ እንደ ጥሩ ተማሪ ውጤት ደስ አላት፤ ፊቷ ላይ ግን ብዙም አልታየም።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ባቱሎ መስገጃዋን ይዛ በረንዳው ላይ ቆመች።

"ዛሬ ውስጥ ልስገድ?"

ሄርሜላ ውሻውን አየችው፤ ከዚያ ግንቡን።

"አይ፣ እንደ ወትሮዎ ይሁን። እዚህ ካልለመደ ነገ ጎረቤት ጎንበስ ሲል ይሄዳል። አሁን ያውቃል።"

"እንግዲያው ቁጭ በይ። አንቺ ከቆምሽ እሱም ይቆማል።"

ቁጭ አለች። ባቱሎ ጎንበስ ስትል ዋርድያ ተነሳ፤ ጆሮው ወደ ኋላ ተኛ፣ እግሩ ወደ ግንቡ ዞረ። ሄርሜላ አልጠራችውም። ባቱሎ ግንባሯን መሬት ስታስነካ እግሩን መልሶ ወደ እሷ አዞረ። ዳግመኛ ጎንበስ ስትል ተቀመጠ። በመጨረሻው ስግደት አገጩን የፊት እግሮቹ ላይ አሳርፎ ተኝቶ ነበር፤ ውጭ የሚያልፈውን የመኪና ድምፅም ከቁብ አልቆጠረው።

ባቱሎ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዞራ አሰላምታ ሶላቷን ስትጨርስ ዓይኗ እሱ ላይ ወደቀ። መስገጃዋን አጥፋ ወደ ውስጥ አገባች፤ ተመልሳም ከፌስታሉ ትልቁን ቁራጭ መርጣ አወጣች። ዝቅ ብላ አስቀመጠችለት።

"ይሄ ሥጋ ጅማት ብቻ ነው" አለች ወደ ሄርሜላ ሳትዞር። "ነገ እኔ እገዛለሁ። አንቺ ግመል መምረጥ አትችይበትም።"