ያልተደፋው ውሃ

ዓብዱልዋሂድ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በመሰላሉ ሁለት ደረጃ ወደ ገንዳው ወረደና የግድግዳውን ሴራሚክ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። አሙለጨለጨው። ከትናንት ወዲያ ክንዱ እስኪዝል ፈግፍጎ ያነሳው ዝልግልግ ነገር ተመልሶ እዚያው ቦታው ላይ ተለጥፏል።

«ያ ረቢ! ምን ዓይነት ጉድ ነው ይሄ?» አለ ብቻውን።

ሰውየው ወሎ ተወልዶ ካዛንቺስ ያረጀ፣ በአንድ መካከለኛ ሆቴል ጓሮ ያለችውን የመዋኛ ገንዳ አሥራ አራት ዓመት የጠበቀ ነው። «ከልጆቹ ለይቶ አያያትም» ሲባል ሚስቱ አፍራህ ትስቃለች፤ «እኛንማ መች እንዲህ አየን!» ትላለች። ከሁሉ የሚኮራው ግን በቁጠባው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ሰፈርተኛው ቢጫ ጀሪካኑን ተሸክሞ በሆቴሉ በር ሲያልፍ እያየ፣ ገንዳ ሙሉ ውሃ መድፋት ለእሱ ሐራም ነው። ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዴም አልደፋም። የጎደለውን ይሞላል፣ ያን ፀሐይ አይበላውም የተባለለትን የክሎሪን ዱቄት ይጨምራል፣ በቃ። የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ለተገብርኤል በሠራተኞች ስብሰባ ላይ «ውሃ መያዝ ከዓብዱልዋሂድ ተማሩ» ብለው አስጨብጭበውለታል። ያን ቀን ደረቱን ነፍቶ ነው ቤቱ የገባው፤ ማን ይከለክለዋል!

አሁን ግን ነገሩ ቅጡ ጠፋው። ከገንዳው ውሃ ቀድቶ የመለኪያዋን ጠብታ ሲጨምርባት ሮዝ ትሆናለች። ክሎሪኑ አለ ማለት ነው፤ እንዲያውም ተርፏል። ውሃው ሲያዩት ኩልል ያለ ነው። ዓይኑ ንጹሕ ነው ይለዋል፣ መለኪያው ንጹሕ ነው ይለዋል፣ ጣቱ ግን ኧረ ተው ይለዋል። ማንን ይመን?

መጀመሪያ አቧራውን ጠረጠረ፤ የሰፈሩ ግማሽ ፈርሶ የለ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የፍርስራሹ ብናኝ ገንዳዋ ላይ ነው የሚያርፈው። ሸራ አለበሳት። ዝልግልጉ ተመለሰ። ቀጥሎ አንድ ጊዜ ውሃ ያመጣውን ቦቴ ጠረጠረ። ቦቴው ከመጣ ግን ዓመት አልፎታል። በመጨረሻ ሐሳቡ ሐሙስ ላይ ሄዶ አረፈ።

ሐሙስ ጠዋት ገንዳዋ የሴቶች ናት። ባምቢስ ሱፐርማርኬት አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ያላት ጀሚላ፣ ሃያ የሚሆኑ የሰፈር እናቶችን ሰብስባ ዋና ታስተምራለች። ዓብዱልዋሂድ በሩን ዘግቶ ጀርባውን ሰጥቶ ከውጭ ይቀመጣል። ሴቶቹ ከራስ እስከ እግር ተሸፍነው ነውና የሚዋኙት፣ ሲወጡ ልብሳቸው የጠጣውን ይዘው ይወጣሉ፤ የተንቦጫረቀውም ቀላል አይደለም። እነሱ በመጡ ቁጥር ገንዳዋ ሁለት ጣት ትጎድላለች። እሱም ሆዱ እያረረ፣ «እነዚህ ሴቶች ናቸው ወይስ ስፖንጅ?» እያለ በጎማ ይሞላል።

ወር ይሆነዋል፣ አንድ የሆቴሉ እንግዳ መሰላሉ ላይ አንሸራቶት ለጥቂት ተረፈ። ወይዘሮ ለተገብርኤል ዓብዱልዋሂድን ቢሮ ጠሩት።

«ጥፋቱ የማን እንደሆነ ንገረኝ» አሉት። «ያ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከዚህ ግቢ ይወጣል።»

የአሥራ አራት ዓመት እንጀራው ነው፤ በዚህ ዕድሜው ማን ሥራ ይሰጠዋል? «የሐሙስ ሴቶች ናቸው» አለ። «ፀጉራቸውን ቅባት ይቀባሉ። እሱ ነው ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው።» አስቦበት ያለው አይደለም፤ ካፉ አመለጠው። ግን አንዴ ወጣ፣ መመለሻም የለው።

ሴቶቹ ታገዱ። ጀሚላ ስትሰማ በር ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችው። «አያ ጅቦ ሳታማኸኝ ብላኝ አሉ!» አለችው። «ካልፈለጋችሁን አንፈልግም በሉ፤ ቅባት ምናምን ምን አመጣው፣ ጋሽ ዓብዱልዋሂድ?» ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

ይኸው ሦስተኛው ሐሙስ አለፈ። ቅባት የተባለው ከሄደ ዝልግልጉ መሄድ ነበረበት አይደል? የለም፣ ባሰበት! በፊት በሳምንት ይመለስ የነበረው አሁን በሁለት ቀን ይመለሳል። ዱቄቱን እጥፍ አደረገ፤ መለኪያው ሮዝ መሆኑ ቀርቶ እንደ ቀይ ሥር ቀላ፤ ዝልግልጉ ግን ንቅንቅ አላለም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ሰውየው እንቅልፍ አጣ። ምግብ ቀርቦለት «ሴቶቹ ካልሆኑ ማን ነው?» እያለ ጣቱን ያሻሻል። አፍራህ እንኳ «ኧረ ጂን ይሆናል፣ ቁርኣን አስቀራበት» እስከ ማለት ደርሳለች።

በመጨረሻ አንድ ጠርሙስ ውሃ ቀድቶ ለገሃር፣ ዱቄቱን ወደሚገዛበት የኬሚካል ሱቅ ሄደ። ባለሱቋ ማዕረግ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ሁሉንም ሰማችው። ከዚያ ታቹ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበት ረጅም ብልቃጥ አወጣች። የገንዳውን ውሃ ከአንድ መድኃኒት ጋር ስትደባልቀው ነጭ ሆኖ ደፈረሰ።

«ከላይ ሆነው ነጥቡን ይዩ፤ እኔ ቀስ እያልኩ እጨምራለሁ» አለችው። «ሲጠፋብዎት ይንገሩኝ። ቶሎ ከጠፋ መጥፎ ነው።»

ገና አንድ ጣት ሳትሞላ «ጠፋ» አለ።

ማዕረግ ብልቃጡን አስቀመጠች። «ውሃውን መቼ ነው የቀየሩት?»

«አልቀየርኩም!» አለ ቀና ብሎ። «ሦስት ዓመት አንድ ጀሪካን አልደፋሁም።»

«ወይ ጉድ!» አለች። «ጋሼ፣ ይሄ ዱቄት እኮ ብቻውን አይደለም። ክሎሪኑን ፀሐይ እንዳትበላው ጃንጥላ የሚይዝለት ሌላ ነገር አብሮት አለ። ክሎሪኑ ሥራውን ሠርቶ ያልቃል። ጃንጥላ ያዡ ግን አያልቅም፣ አይተንም፣ እዚያው ይከርማል። እርስዎ በየቀኑ ሲጨምሩ እሱንም እየጨመሩ ነው። ልክ ሲሆን ደግ ነው። ሲበዛ ግን ክሎሪኑን ጠፍሮ አያላውሰውም። መለኪያዎ አለ ይላል፤ አዎ አለ፣ ግን ታስሯል።»

«ዝልግልጉስ?»

«ጀርም ነው። ባዮፊልም ይሉታል። ግድግዳው ላይ ተሰብስቦ፣ የራሱን ልጋግ ለብሶ ይቀመጣል። ልጋጉን በብሩሽ ቀደው የሚሠራ ክሎሪን ካልሰደዱበት ከላይ ቢፈገፍጉት ሥሩ ይቀራል።»

«የሴት ፀጉር ቅባት አይደለም?»

«ቅባት እንዲህ አያደርግም። ይሄ የዱቄትና ያልተደፋ ውሃ ሥራ ነው። ጃንጥላ ያዡን የሚያወጣው ውሃ መቀየር ብቻ ነው። ለመሆኑ ከገንዳዎ ጨርሶ ውሃ አይወጣም? እንዲያማ ከሆነ ድሮ ነበር መበላሸት የነበረበት።»

«ሐሙስ…» አለ። ሁለት ጣት። በየሳምንቱ ሁለት ጣት አሮጌ ውሃ ይወጣል፣ ሁለት ጣት አዲስ ይገባል። ከታገዱ ወዲህ ደግሞ ጠብታ አልወጣም። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲባል ሲሰማ ኖሯል፤ በራሱ ሲደርስ ግን ጆሮው ድረስ ነው የነደደው። ያባረራቸው ሴቶች ናቸው ገንዳዋን ሲያኖሯት የከረሙት!

በታክሲ ወደ ካዛንቺስ ሲመለስ ዝም ቢል ማን ያውቅበታል የሚል ሐሳብ መጣበት። ውሃውን ቀይሮ «ይኸው ሴቶቹ ከሄዱ ጸዳ» ማለት ይቻላል። አንጀቱ አልቀበል አለው። በቀጥታ ወይዘሮ ለተገብርኤል ቢሮ ገባ።

«ጥፋቱን አገኘሁት፣ እመቤቴ። የኔ ነው።»

ከሥር ከመሠረቱ ነገራቸው። ወይዘሮዋ እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው ሰሙት።

«ያልኩህን ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ውሃውን ድፋ። ገንዳው ታጥቦ እስኪሞላ ትቆያለህ። ስላንተ ከዚያ በኋላ እናገራለሁ» አሉት። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

ከዚያ እግሩን እየጎተተ ወደ ባምቢስ ወረደ። ጀሚላ ጨርቅ እየለካች ነበር፤ ሰላምታውን በግማሽ አፏ መለሰች። እሱም ቆሞ ተናገረ፤ ዱቄቱን፣ ሁለት ጣቱን፣ ውሸቱን። እሷ ጨርቁን አጣጥፋ እስክትጨርስ ቀና ብላ አላየችውም።

«ይሄን ለኔ አይደለም የሚነግሩት» አለችና ወደ ሱቁ ውስጥ አመለከተች። እትዬ ሀዲያ ያበጠ ጉልበታቸውን ዘርግተው፣ ራሳቸውን በነጭ ሻሽ አጥብቀው አስረው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ስልሳ አልፏቸዋል፤ ሐሙስን አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም ነበር።

«የታገድን ዕለት ፀጉራቸውን ተላጩ» አለች ጀሚላ። «አትላጩ ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸው ግን ‹ቅባቱ ከፀጉር ነው ካሉ፣ ፀጉር ከሌለኝ ምን ይሉኛል? ያስገቡኛል› አሉኝ። እኔ ደግሞ ያስገቧቸው እንደሆነ ሄጄ ለመጠየቅ አፈርኩ።»

ዓብዱልዋሂድ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ቢችል ሴራሚኩ ሥር ገብቶ በተለጠፈ።

«አፉ በሉኝ፣ እትዬ ሀዲያ» አለ።

«አፉ ብያለሁ። ፀጉር ይበቅላል» አሉ እትዬ ሀዲያ። «ጉልበቴ ግን ሰው የሚሆነው ውሃ ውስጥ ብቻ ነው። ለመጪው ሐሙስ ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«በሩን አንተ ነህ የምትጠብቅልን?»

«እሱን አላውቅም፣ እትዬ» አለ። «ወይዘሮ ለተገብርኤል ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ። ቢያሰናብቱኝም እውነታቸውን ነው።»

እትዬ ሀዲያ ምርኩዛቸውን ፈልገው፣ በጀሚላ ትከሻ ተደግፈው፣ «ያ ረቢ» እያሉ ተነሱ።

«በል ምራኝ» አሉት። «ሴትዮዋ ዘንድ ውሰደኝ። ሴት ለሴት ነው፣ ነውር የለውም፤ ሻሼን አውልቄ አሳያታለሁ። አፉ ያልኩትን ሰው አባርራለሁ ካለች እዚያው ፊቴ ትበለኝ።»