የአያ አሊ ግመል

ፈሪሀ ቆቦ መናኸሪያው ፊት ለፊት የባነር ማተሚያ ሱቅ ከከፈተች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዋ የሽንኩርት ነጋዴው የአያ አሊ ነበር፤ ለአዲሱ መጋዘን አራት ሜትር ባነር፣ መሐሉ ላይ የዳማ ምስል። ዳማ ግመሉ ናት። ሰውዬው ንግድ የጀመረው በእሷ ጀርባ ጭኖ ስለሆነ ከልጆቹ እኩል ነው የሚወዳት። ፎቶዋን በቴሌግራም ላከ፤ ፈሪሀም ደስታ አቅሏን አስቷት ያንኑ ለጥጣ አተመችው።

አያ አሊ ባነሩን መንገድ ዳር ዘርግቶ ከዳር እስከ ዳር አየው።

«ይቺ ዳማ ናት?»

ኧረ እንዴት ተደርጎ! አንገቷ ደረጃ፣ ጆሮዋ ጡብ ሆኗል። ባጃጅ ነጂዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ወላሂ፣ በገበያው ቀን ስምሽን እየጠራሁ ነው የማወራልሽ!» አለ አያ አሊ ተቆጥቶ።

ፈሪሀ ክው አለች። ቆቦ ላይ አንድ ገበያ ሙሉ ስሟ ከተነሳ ሱቁን መዝጋት ነው። ጥፋቱ ደግሞ የራሷ ነው፤ እያወቀች ቸኩላ ነው ያበላሸችው።

«አያ አሊ፣ ስማኝ። ፎቶ ማለት እንደ ማሽላ ፍሬ በቁጥር የተሰፈረ ነጥብ ነው። ለስልክ ይበቃል። አራት ሜትር ላይ ስለጥጠው ግን ፍሬው አልበዛም፤ እያንዳንዱ ነጥብ ተነፋ እንጂ። ዳማ ብትጠፋ በምን ትለያታለህ?»

«በምልክቷ ነዋ!» ጎንበስ ብሎ የጭኗን ምልክት አቧራው ላይ በጣቱ ጫረ፤ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ ከላያቸው ቅስት።

«እስቲ ትልቅ አድርገው።»

በክንዱ ልክ ጫረው። ያው ምልክት ነው፤ ምንም አልጎደለውም።

«ዳማንም እንዲሁ በመስመር እስላታለሁ። ኮምፒዩተሩ የመስመሩን አካሄድ ስለሚይዝ በፈለግኸው መጠን እንደ አዲስ ይስለዋል። ቬክተር ይሉታል።»

አያ አሊ አቧራውን እያየ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ ሞክሪያ።»

ፎቶውን ከሥር አድርጋ እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ድረስ ስትስል ዋለች፤ ያን ኩሩ አንገት፣ ሻኛዋን፣ በመጨረሻም የጭኗን ምልክት። ከዚያም በአዲስ ባነር ላይ አተመችው።

የገበያው ቀን ፈሪሀ ወደ መጋዘኑ ሄደች። ዳማ አራት ሜትሩ ላይ ጥርት ብላ ቆማለች፤ በየጆንያው ላይ ደግሞ ያችው ሥዕል በመዳፍ ልክ ታትማለች። እውነተኛዋ ዳማ የተበላሸው ባነር ጥላ ሆኖላት ተንበርክካ ታመሰኳለች።

አያ አሊ ጆንያ ላይ ወጥቶ ይጮኻል፦

«ስሟን እጠራለሁ ብያለሁ፣ ብያለሁ ነው! ዳማን እንዲህ የሳለቻት ልጅ ስሟ ፈሪሀ ነው! መናኸሪያው ፊት ለፊት!»