የሻዝሊ የበረንዳ ታሪፍ

ሻዝሊ እስክንድርያ ውስጥ ዕድሜውን በሙሉ የትራም ትኬት ቆራጭ ነበር። ከሚሄድ ትራም ላይ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ግን በክራንች እየተጎተተ ከአልጋው በረንዳው ድረስ ቢሄድ ነው። የአካል ጉዳት ድጎማ ጠይቆ ሐኪሞቹ ራጁን አይተውለታል። ነገር ግን "ጉዳይዎ እየታየ ነው" እንደተባለ ብርዱ አልፎ ሙቀቱ ገባ።

በዚህ መሃል ቤቱን ያቆመችው ሚስቱ ተፊዳ ናት። መጋረጃ እየሰፋች የምታገኘውን ለቤት ኪራይ ታስቀምጣለች። የእቁብ ሰብሳቢዋን አልቅሳ ለምና ዕጣዋን ቀድማ ወስዳ ጨርሳዋለች፤ ዱቤ ካለባት ባለሱቅ ጋር ላለመገናኘትም ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀምራለች። የባቄላው ፉል ከቀን ወደ ቀን እየቀጠነ ሲሄድ ሻዝሊ አንድ ጠዋት ማንኪያውን አንስቶ፣

"አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን በብርጭቆ ብታቀርቢልኝ አይሻልም?" አላት።

"ባቄላዋ ብቻዋን ስለሆነች ነው። ዋና ትችላለች፣ አታስብ" አለችው።

በረንዳቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዚያ ሆኖ የዳቦ ቤቱ ሰልፍ ወለል ብሎ ይታያል፤ ታች ያሉት ሴቶች ግን ጥጉን ካልዞሩ አያዩትም። ስለዚህ "ሻዝሊ! ሰልፉ እንዴት ነው?" እያሉ ይጣራሉ፤ እሱም በዚያ የትራም ድምፁ ይመልሳል። አንድ ቀን ታዲያ የተፊዳን የገበያ ቅርጫት በገመድ አወረደና፣ "ዛሬ ዓይኔ ፈዟል። እንቁላል ቢያገኝ ይበራ ነበር" አለ። ሴቶቹ እየሳቁም እየተሳደቡም አንድ እንቁላል አኖሩለት።

ተፊዳ መጀመሪያ "አዋረድከኝ!" ብላ ጮኸች። በሳምንቱ ራሷ ታሪፍ አወጣች፦ የዳቦ ሰልፍ በእንቁላል፣ የመኪና ማቆሚያ በሽንኩርት።

"ነገ ባሚያ ልሠራ ነው፣ ቲማቲም ጎድሎኛል። በርታ ብለህ ዋል" ትለዋለች።

አንድ ረፋድ ላይ አንዲት ትንሽ መኪና ማቆሚያ አጥታ ስትዞር አያት። "ወደ ኋላ! ቀኝ! ቀኝ አልኩሽ እኮ! በቃ!" እያለ በሁለት ባጃጆች መሃል አስገባትና ቅርጫቱን በገመድ አወረደ። ከመኪናዋ የወረደችው ባለመነጽር ሴት ሽንኩርት ስላልነበራት አንድ መንደሪን አስቀመጠች። ከዚያ ቀና ብላ፣

"ሐጂ፣ ሻዝሊ የሚባል አካል ጉዳተኛ የት ነው የሚኖረው? ከድጎማ ቢሮ ነው የመጣሁት" አለች።

ሻዝሊ ክው አለ። "እዚሁ... ሦስተኛ ፎቅ። ምስኪን፣ ዛሬ ነገ ይሞታል እያልን ነው።"

እሷ ደረጃውን እስክትወጣ እንደምንም አልጋው ውስጥ ገብቶ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ሳበ። ተፊዳ "በዚህ ሙቀት ምን ነካህ?" ከማለቷ በሩ ተንኳኳ።

የቢሮዋ ሴት፣ ስሟ ኒዕማት ነው፣ ቁጭ ብላ መጠየቅ ጀመረች። ሻዝሊ የሚመልሰው በማቃሰት ነበር። ወዲያው ከታች፣ "ሻዝሊ! ሰልፉ እንዴት ነው? ሞተሃል እንዴ?" የሚል ጩኸት መጣ። ጩኸቱ ሲደጋገም ኒዕማት ተነስታ በረንዳው ላይ ወጣች፣ ወደ ጥጉ አየችና፣ "አጭር ነው! ቶሎ ድረሺ!" ብላ ተመለሰች።

"ሐጂ፣ መንደሪኔንስ በሉት?"

ሻዝሊ ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥቶ አሳያት።

ተፊዳ መደባበቁ ሰለቻት። "እመቤቴ፣ የምንበላው ከዚያች ቅርጫት ነው። ሥራ ነው ካሉ፣ ሥራ አለው ብለው ይጻፉ።"

"ደመወዙ ስንት ነው?"

"እንደ ሰልፉ ነው። ትናንት አራት እንቁላል፤ አንዱ ስንጥቅ ነበር።"

ኒዕማት ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "እስቲ ተነስተው ይራመዱ" አለችው።

ሻዝሊ በእልህ ያለ ክራንች ተነሳ። አንድ እርምጃ ሳይሞላ ዳሌው ከዳውና አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፋ። ያ ሁሉ ቀልድ ከፊቱ ጠፋ፤ ጥርሱን ነከሰ፣ ግንባሩ ላይም ላብ ችፍ አለ። ተፊዳ ብብቱን ይዛ አስቀመጠችው።

"ሐጂ" አለች ኒዕማት እየጻፈች፣ "ሊሞት ነው ማለት ምን አስፈለገዎት? እግርዎ በቂ ነበር።"

ውሳኔው የመጣው ከዒድ በኋላ ነው። ተፈቀደ፤ ያለፉት ወራት ግን አይታሰቡም ተባለ። ተፊዳ የመጀመሪያውን ገንዘብ ተቀብላ የባለሱቁን ዕዳ ከፈለችና ግማሽ ኪሎ ሥጋ ይዛ ገባች። ሻዝሊ ገና የተረፈውን ፓውንድ ሲያይ፣

"አንድ ፓኮ ሲጋራስ?" አላት።

"ገንዘቡ የተፈቀደው ለእግርህ ነው። ለሳንባህ ማን አመለከተ?"

ሻዝሊ አኩርፎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የሥጋው ሽታ ሲመጣ ግን ትራሱን ተደግፎ ቀና ብሎ ተቀመጠ።