ስልሳ ነጭ ግመል

ስልሳ ሰው ለየብቻው ተጠይቆ እንዴት አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል?

ዋሲሁን አዋሽ ከተማ ላይ፣ አባቱ ከባቡር ሥራ ጡረታ ሲወጡ በገዟት ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ይህን ሲያገላብጥ ዋለ። ጥያቄው የመጣው ስድስት ዓመት ከተማረበት ከሰሜን አውሮፓ፣ ከአማካሪው ከፕሮፌሰሯ ነው። የዶክትሬት ጽሑፉ ስለ አዋሽ ወንዝ ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ወንዙ ከዱብቲ ማዶ አልጋውን ጥሶ በሌላ በኩል መፍሰስ ስለጀመረበት ቦታ። የዚያን ጊዜ ካርታ ስላላገኘ የቀረው ማስረጃ የሰው ትዝታ ብቻ ነው። ባለፈው በጋ እዚያው ስልሳ የአፋር አባወራዎችን ቤት ለቤት እየዞረ ጠየቀ፤ መልሳቸውን በቅጽ ሞልቶ ላከላት።

«ስልሳውም ሰው ወንዙ በሁለት ግራሮች መካከል ጥሶ ወጣ ይላል» ብላ ጽፋለታለች። «ስልሳውም እግሯን ወደ ሰማይ የሰቀለች የሞተች ነጭ ግመል ውሃው እንደ ወሰዳት ይናገራል። የሰው ትዝታ እንዲህ አይገጥምም። ወይ አስተርጓሚህ አንዱን መልስ ስልሳ ጊዜ ነግራሃለች፣ ወይ ቅጹን ራስህ ሞልተኸዋል። እስከ ዓርብ አስረዳኝ። አለዚያ ምዕራፉን አልቀበልም።»

ምዕራፉ ከወጣ ጽሑፍ የለም። ጽሑፍ ከሌለ ስድስቱ ዓመት የለም። ሰፈሩ ደግሞ ገና ከአውቶቡስ ሲወርድ «ዶክተር መጣ» ብሎ ተቀብሎታል። ዋሲሁን አርባ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ በጣም ሲደክመው ራሱንም ይጠረጥራል። በዚያ ሙቀት ፈዝዤ አንዱን ቅጽ ስገለብጥ ከርሜ ይሆን?

ረቡዕ ማለዳ ወደ ጅቡቲ በሚወርድ ባዶ ተሳቢ ተሳፈረ። ሾፌሩ ገብሩ አብሮ አደጉ ነው፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል።

«አሁንም ትምህርት ላይ ነህ?» አለው ገብሩ።

«አሁንም።»

«ዋሴ፣ እኔ ጅቡቲ ስንቴ እንደ ደረስኩ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። አንተ አንድ ወንዝ ይዘህ መድረስ አቃተህ።»

«ወንዙም እኮ ባሕር አይደርስም። በረሃ ገብቶ ነው የሚቀረው።»

«እንግዲያው ተማሪው ምን ያድርግ» አለ ገብሩ፤ ለብቻውም ሳቀ።

ሚሌ ላይ ምሳ በልተው ከሰዓት ሰመራ ገቡ። ዋሲሁን ያረፈው እንደ አምናው ሱሩር ዘንድ ነው። ሱሩር ከወሎ መጥቶ ምግብ ቤትና ጥቂት አልጋ የከፈተ ሰው ነው፤ የእንግዳውን ፊት አይቶ ነገሩን አስተረከው።

«ይኸ ምኑ ይቸግራል?» አለ ሰምቶ ሲያበቃ። «አስሩን ሦስት ግራር አስብላቸው። ግመሊቱንም ለአንዳንዱ ዳለቻ አድርጋት። መለያየት ከሆነ የፈለገችው፣ ይለያይላት።»

«ውሸት ይሆናላ።»

«ውሸትማ ነው፣ አላህ ይቅር ይበለን። ግን ስድስት ዓመት ነው ወንድሜ።»

ዋሲሁን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን ከፈተ። አሥራ አራተኛው ሰው ግመሏን እንዳላየ ጻፈ። ሃያ ሰባተኛው ላይ ግራሮቹን ሦስት አደረገ። ቀላል ነበር፤ የሚያስፈራውም ቅለቱ ነው። አርባ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ሰውየው ትዝ አለው፤ አንድ ዓይኑን ሞራ የሸፈነው፣ ለራሱ ያስቀረውን ወተት ያጠጣው። የለወጠውን ሳያስቀምጥ ዘጋው።

ሐሙስ ጠዋት ኸሊዳን አገኛት። አምና ያስተረጎመችለት የሰመራ ልጅ ናት። የፕሮፌሰሯን ጥርጣሬ አንገቱን ደፍቶ ነገራት።

«አንዱን መልስ ስልሳ ጊዜ ነግረሽዋል ነው የምትለው?»

«እኔ አይደለሁም፤ እሷ ናት።»

«አንተስ?»

ኸሊዳ ባጃጅ ጠራች። «ተነሥ። ቅጽ ቁጥር አንድ ጋ እንሂድ።»

ቅጽ ቁጥር አንድ ሽማግሌው ኡበይዳ ናቸው። ግራር ጥላ ሥር አገኟቸው። ኸሊዳ እንደ አፋር ወግ መጀመሪያ ዳጉ፣ ማለትም የአገሩን ወሬ፣ ተቀባበለች፤ ማን ታመመ፣ የት ዘነበ፣ ገበያው እንዴት ዋለ እየተባባሉ ሩብ ሰዓት ያህል ተነጋገሩ። አምና በዚህ መሃል ዋሲሁን መቅረጫውን አጥፍቶ ዝንብ ይከላከል ነበር። አሁንም እጁ ዝንብ ላይ ነው።

ተራው ሲደርስ «ሌሎቹ ሁሉ ልክ የእርስዎን ቃል ነው የነገሩኝ» አለ።

«ታዲያ የማንን ቃል ይንገሩህ?» አሉ ሽማግሌው፤ ኸሊዳ ተረጎመች። «ያየሁት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ሰው ሁሉ ከብቱን ይዞ ወደ ደጋው ወጥቷል። ግመሊቱም የእኔ ናት። ላገኘሁት ሁሉ በዳጉ ነገርኩ፤ እሱም ላገኘው። ዳጉ የተቀበለ ሰው ይጨምርበታል እንዴ? ከጨመረ ሁለተኛ ማን ይሰማዋል?»

«አላየንም ብለው ለምን አልነገሩኝም?»

«ወንዙ በየት ወጣ ብለህ ነዋ የጠየቅኸው። አየህ ወይስ ሰማህ ብለህ አልጠየቅህም። የእኛ ሕፃን እንኳ ይህን ሳይጠይቅ ወሬ አይቀበልም። የተማረ ሰው ነው፣ የራሱ ምክንያት አለው ብለን ተውንህ።»

ዋሲሁን በጽሑፉ ሁለተኛ ምዕራፍ ስለ ዳጉ አራት ገጽ ጽፏል። መጠይቁን ግን የቀዳው ሌላ አገር ከተሠራ ጥናት ነበር።

«አንቺስ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አላት ሲመለሱ።

«ዶክተር፣ በሁለተኛው ቀን ነግሬህ ነበር። ቅጹን አታበላሺብኝ አልከኝ።»

ዋሲሁን የሱሩር ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ለፕሮፌሰሯ ጻፈ። ረጅም ጽፎ አጠፋው፣ እንደገና ጽፎ አሳጠረው። «ቅጹን ራሴ አልሞላሁም፤ ኸሊዳም አልዋሸችም። ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ኡበይዳ ይባላሉ፤ ግመሊቱ የእሳቸው ነበረች። ሌሎቹ ሃምሳ ዘጠኙ ከእሳቸው የመጣውን ቃል ሳያጎድሉ ነገሩኝ። አየህ ወይስ ሰማህ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ምዕራፉን በአንድ ምስክር እንደገና ልጻፈው?» ላከው።

ዓርብ አለፈ። ቅዳሜ አንድ ባጃጅ ነጂ «ሴትዮዋ መለሰችልህ?» አለው፤ ሰኞ ደግሞ ወደ አዋሽ ሲመለስ ሚሌ ላይ ሻይ የቀዳለት ሰውዬ። ሁለቱንም አያውቃቸውም፤ ዳጉ ቀድሞት ደርሷል። አልመለሰችም አላቸው። አዋሽ ደርሶ ኢሜይሉን እንደገና ከፈተው። መልእክቱ ሐሙስ እንደ ላከው ያለ መልስ ተቀምጧል። በማግስቱም ከፈተው፤ ከዚያ በየሳምንቱ። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲደፈርስ ዋሲሁን መክፈቱን ተወ።