ሁለተኛው ቲዩብ

ሰፈሩ «ጋሽ ሞገድ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ የሊፍት መካኒክ ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ አርፎ እንደመቀመጥ የራዲዮ አባዜ ተጠናወተው። የተገዛ ራዲዮ ዓይኑን አይሞላም። ኤፍኤም የሚይዝ፣ ያውም እንደ ድሮው አምፖል በሚመስል የመስታወት ቲዩብ የሚሠራ ራዲዮ በገዛ እጄ ካልሠራሁ ብሎ እንቅልፍ አጣ። ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ በሳ፤ የመዳብ ሽቦ በእስክሪብቶ ላይ ጠቀለለ፤ ከተጣሉ ማሽኖች የለቃቀመውን ሁሉ እያገናኘ በየደ። የምግብ ጠረጴዛው በዕቃ ከተወረሰ ወዲህ ሚስቱ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ መብላት ለምዳለች።

ጥድፊያው የመጣው በልጃቸው ነው። አንዲት ልጃቸው ራዲዮ ጣቢያ ገብታ ስትለማመድ ከርማ፣ ቅዳሜ ጠዋት የራሷን ዝግጅት ለመጀመሪያ ጊዜ ልታቀርብ ሆነ። ሞገድ፣ ልጄን የምሰማት በራሴ ራዲዮ ነው ብሎ ማለ። ሚስቱ ግን ወጥ ቤት ያለችውን ትንሽ ራዲዮዋን አልለቀቀችም።

«ያንተን ከጠበቅንማ የምንሰማት እሷም ጡረታ ስትወጣ ነው» አለችው። ከዚያ ከሚኖሩበት ሕንፃ ላይኛው ፎቅ እስከ ምድር ቤት በየበሩ እየዞረች፣ ቅዳሜ ልጄን ስሙልኝ ስትል ሰነበተች። ልጅ ወልዳ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች እሷ ብቻ እስክትመስል ድረስ።

ንድፉን ያገኘበት መጽሐፍ ሁለት ቲዩብ ይጠይቃል፤ አንዱ ጣቢያውን ይይዛል፣ ሌላው በእሱና በአንቴናው መሀል ይገባል። ሞገድ የመጀመሪያውን ብቻ ገጥሞ ቢሞክረው ጣቢያ ያዘለት። ታዲያ ሁለተኛው ምን ይሠራል? ለጌጥ ነው አለና ዘለለው። የአንቴናውን ሽቦ ጣሪያው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘርግቶ እጁን አራገፈ። ሊፍት ላይ ቢሆን ኖሮ አንዲት ብሎን እንኳ የማይዘል ሰው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቲዩቡ ፍም መሰለ። ሞገድ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ የጣቢያ መፈለጊያውን ቁልፍ በጥፍሩ ጫፍ ገፋ ሲያደርገው የሚንሿሿው ድምፅ ጸጥ አለና ልጁ ከች አለች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጣቢያው ሲንሸራተት እየመለሰ፣ ድምፁ ሲሻክር እያለሰለሰ፣ እስክትጨርስ ጣቱን ከቁልፉ ላይ አላነሳም።

ደረቱን ነፍቶ ወደ ወጥ ቤት ሲሄድ ሚስቱን ራዲዮዋን በመዳፏ ስትደበድብ አገኛት። ዓይኗ ቀልቷል። ልጅቷ ገና አፏን ከመክፈቷ ራዲዮው መንሿሿት ብቻ ሆነ አለችው። ነገሩን ሳትጨርስ የምድር ቤቷ ልብስ ሰፊና የላይኛው ፎቅ ፀጉር አስተካካይ ራዲዮአቸውን እንደታቀፉ መጡ። የሁሉም በዚያችው ጣቢያ ላይ፣ በዚያችው ሰዓት ተበላሽቷል።

ያኔ ነው ለሞገድ የገባው። ሁለተኛው ቲዩብ የሌለው እንዲህ ያለ ራዲዮ ጣቢያውን እየሰማ በአንቴናው በኩል የራሱን ጩኸት ወደ ጎረቤት ራዲዮዎች ይረጫል። የሕንፃውን ጆሮ የደፈነው እሱ ነው። አልደበቀም፤ እንደ ቆመ ነገራቸው።

«ምን ይደረግ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «እርስዎ ከሰሙ ይንገሩና።»

«ምን አለች?» አለች ሚስቱ።

ሞገድ ድምፅዋ ምን ያህል ጥርት እንዳለ፣ ሲሻክርም እንዴት እንዳለሰለሰው መዘርዘር ጀመረ።

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ። ምን አለች?»

ከተናገረችው አንድ ቃል እንኳ አላስታወሰም። ለካስ ሲያዳምጥ የነበረው ራዲዮውን እንጂ ልጁን አልነበረም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ስልኩ ጮኸ። ልጅቷ ናት። ሚስቱ ጆሮዋን ከስልኩ ጋር አጣበቀች።

«አባዬ፣ ሰማኸኝ?»

«እንዴታ! ጥርት ብለሽ።»

«ስላንተ ያልኩት ከፋህ እንዴ?»

ስለ እኔ? ሞገድ ሚስቱን አየ። አልከፋኝም ቢል በአንድ ቃል ይገላገል ነበር። ግን ልጅቷ መልሱን ስትጠብቅ ትንፋሿ በስልኩ ይሰማል፤ ሊዋሻት አልቻለም።

«ድምፅሽን ነው የሰማሁት የኔ ልጅ። የተናገርሽውን አልሰማሁም። እናትሽ ደግሞ በኔ ጦስ ጭራሽ አልሰማችሽም።»

በልጅቷ በኩል ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ፤ እንግዲያው ከመጀመሪያው ላንብብላችሁ አለች። ሞገድ የስልኩን ድምፅ ለሁሉም እንዲሰማ ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጎረቤቶቹም ወንበር ሳቡ።

«አባቴ» ብላ ጀመረች፣ በራዲዮ ድምፅዋ፤ «ማሽን ሲያዳምጥ ሰው አይሰማም።»

ሚስቱ ሳቋ አመለጣት፤ ልብስ ሰፊዋም ተከተለቻት። ሞገድ ግን አልሳቀም። እጆቹን ጭኑ ላይ አጣጥፎ፣ እስክትጨርስ ድረስ ሰማት።